ማን ነው የያዘሽ?

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ውቅያኖስ አላቋረጥኩም፣ ውድድርም አላሸነፍኩም። የሠራሁት ሥራ ሌሎች ሰዎች የሚንሸራሸሩባቸውን የሸራ ጀልባዎች ገመድ ማሰር፣ ማጥበቅና ማላላት ነበር። ጀልባው በደህና ሄዶ በደህና ከተመለሰ ገመዱን ማን እንዳሰረው የሚጠይቅ ሰው የለም። ታዲያ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ምን ብዬ አወራለሁ?

ነገር ግን ትከሻዬ እምቢ ብሎኝ ሥራዬን ካቆምኩ በኋላ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ኮሌጅ ገብቼ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን ከዚህ በፊት ምን እንሠራ እንደነበር በየተራ ጠየቁን። ተራዬ ሲደርስ "የሸራ ጀልባ ገመድ አሳሪ ነበርኩ" አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠች፣ ከስፕሪንግፊልድ የምትመላለስ ማህሌት የምትባል የሀገሬ ልጅ "ዌይት፣ ዋት?" ብላ ጮኸች። ከክፍል ስንወጣ ተከትላኝ መጣች።

"እማማ ዘነበች፣ ሲሪየስሊ? ሐበሻ ጀልባ ላይ?"

"እማማ አትበይኝ፤ ክላስሜትሽ ነኝ" አልኳት።

"ኦኬ፣ እትዬ ዘነበች። ይሄን ለተማሪዎች መጽሔታችን መጻፍ አለብሽ። ሶሪ፣ አለብዎት። በአማርኛ። እኔ ኤዲት አደርገዋለሁ።" ትንሽ አሰበችና "እናቴ ኤዲት ታደርገዋለች" አለች።

እንግዲህ እንደ ቤት ሥራ ቆጥሬ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። ስህተት ካለበት አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የምጽፈው ስለ ራሴ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሥራውን ስላስተማሩኝ ሰው፣ ስለ ጋሽ ሰይፉ ነው።

አሜሪካ የገባሁት በዲቪ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። እዚህ እንደመጣሁ ስልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ቤት ተጋርቼ፣ ቨርጂኒያ በሚገኝ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። በፈረንጆቹ 2003 ጸደይ አብራኝ የምትኖረው ሴት "አሌክሳንድሪያ ሸራ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋሉ" ብላ አድራሻ ሰጠችኝ። የድንኳን ሸራ መስሎኝ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ በወንዙ ዳር ስሄድ ከዛፎቹ በላይ ቅጠል የሌላቸው ቀጫጭን ምሰሶዎች ተሰልፈው አየሁ። ነፋሱ ገመዶቹን ከምሰሶዎቹ ጋር እያጋጨ ቅጭል ቅጭል ያደርጋቸዋል። ቀጥሎ ጀልባዎቹ ታዩኝ።

ግቢው ትንሽ ነበር፤ አንድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አንድ ክሬን፣ ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚገባ የእንጨት መድረክ። አውሮፕላኖች ወደ ኤርፖርቱ ሲወርዱ በላያችን ስለሚያልፉ ሰው ንግግሩን ያቋርጥና፣ ካለፉ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ባለቤቱ ሮይ የሚባል፣ አንገቱን ፀሐይ ያቀላው፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነበር። ደሞዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻል ነበር፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አልጽፍም። በአዳራሹ ጥግ የስፌት መኪና ተሰጠኝና የጀልባ መሸፈኛ ልብስ መስፋት፣ የተቀደደ ሸራ መጣፍ ጀመርኩ።

አንድ ቀን አጭር፣ ጠጉራቸው የነጣ ሽማግሌ መጥተው የሰፋሁትን ሸራ ጫፍ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

"ክሩን ማን ነው ያጠበቀው?" አሉ፣ በአማርኛ።

ደነገጥኩ። "እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"አባባ አትበይኝ፤ ሰይፉ እባላለሁ። ጥሩ አጥብቀሽዋል። ሸራውን አልቆረጠውም፣ ደግሞም አልላላም። ገመድ ማለት የወፈረ ክር ነው። ነገ ሱሪ ለብሰሽ ነይ።"

ጋሽ ሰይፉ በወጣትነታቸው ምጽዋ ውስጥ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። የሸራ ጀልባ የተማሩትም እዚያ ነው። ስለ ምጽዋ የሚያወሩት ግን ስለ ሙቀቱና ስለ ገመዱ ብቻ ነበር። አሜሪካ መጥተው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተው፣ ታክሲ ነድተው፣ በመጨረሻ ሮይ ዘንድ ገቡ። ከእኔ ሰፈር አለፍ ብሎ አስፐን ሂል ይኖሩ ስለነበር ጠዋትና ማታ በአሮጌ ኮሮላቸው ይወስዱኝና ይመልሱኝ ጀመር።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ምሰሶ ማቆም ነው። የጀልባ ምሰሶ እንደ ዛፍ ሥር የለውም፤ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ የሚወጥሩት የብረት ገመዶች ናቸው። የእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ላይ እየተጠመዘዘ የሚያጠብቅና የሚያላላ ብሎን አለ። የመጀመሪያውን ጀልባ ሲሰጡኝ ጎበዝ ለመባል ሁሉንም ብሎን ባለኝ ጉልበት አጠበቅኩት። ገመዱ በጣት ሲነካ እንደ ክራር ይጮኻል። ኮራሁ።

ጋሽ ሰይፉ መጡ፤ ጆሯቸውን ወደ ምሰሶው አስጠጉ። "ይሄ ጀልባ ምን በደለሽ?" አሉኝ።

"ምን አጠፋሁ?"

"አንቀሽዋል። ምሰሶ መተንፈስ አለበት። ነፋስ ከግራ ሲመጣ የግራው ይጠብቃል፣ የቀኙ ትንሽ ይላላል። በጣም ከላላ ምሰሶው ይወዛወዛል፤ ምንም ካልላላ ደግሞ የጀልባው ወገብ ይሰበራል።"

ሁሉንም አስፈቱኝ። ከዚያ ከምሰሶው አናት የመለኪያ ሜትር አንጠልጥለው ወደ ግራ ጠርዝና ወደ ቀኝ ጠርዝ እያስለኩኝ፣ ሁለቱ ርቀቶች እኩል እስኪሆኑ ብሎኖቹን በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር አስጠመዘዙኝ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ብሎን እንዳይፈታ ትንሽ የመቆለፊያ ሽቦ ይገባለታል። የሽቦው ጫፍ ሸራ እንዳይቀድ በፒንሳ ይታጠፍና በፕላስተር ይሸፈናል። ጋሽ ሰይፉ ፕላስተሩን ከመለጠፋቸው በፊት ሁሌም ሽቦውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱት ነበር። "ዐይን ያየ ይመስለዋል፤ ጣት ግን ካልነካ አልነካም" ይሉ ነበር።

ሸራውን የሚቆጣጠሩትን ገመዶች ስማቸውን በእንግሊዝኛ ማጥናት ከበደኝ። ጋሽ ሰይፉ በአማርኛ አወጡላቸው። ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው "መስቀያ" ሆነ። የሸራውን የታችኛውን ጫፍ በአግዳሚው እንጨት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው "መዘርጊያ"። አግዳሚው ወደ ላይ እንዳይነሳ ወደ ታች የሚይዘው "ተጫኝ"። ሸራውን ወደ ውስጥ የሚስበውና ወደ ውጭ የሚለቀው ዋናው ገመድ "ልጓም"። ነፋሱ ደካማ ሲሆን መዘርጊያውን ላላ አድርገው፤ ሸራው ሆድ ያውጣ። ነፋሱ ሲበረታ ዘርጋው፤ ሆዱ ይግባ። ሞተር የሚጠግነው ሄክተር የኤል ሳልቫዶር ሰው ሆኖ ሳለ ከእኛ ጋር ሲሠራ እነዚህን ስሞች ለመዳቸው። አንድ ቀን ሄክተር የአንድ አዲስ ደንበኛ ጀልባ ላይ ቆሞ በባለጀልባው ላይ "ልጓም! ልጓም!" እያለ ሲጮህበት ሰምቼ በሳቅ ልወድቅ ነበር። ሰውየው ግን ገመዱን አቀበለው፤ የሙያው ቃል መስሎታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ልማድ ነበራቸው።

ምሰሶ አናት ላይ አምፖል፣ ገመዱ የሚሽከረከርበትን ፑሊ ወይም የተበላ ገመድ ለመቀየር ሰው መውጣት አለበት። የሚወጣው ከሸራ በተሰፋች ወንበር ተቀምጦ ነው። ሌላ ሰው በመስቀያው ገመድ ይጎትተዋል፤ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ለክፉ ቀን የተለየ ገመድ ይዞ ይከተላል። አሮጌዋ ወንበር አርጅታ ስለነበር አዲስ እንድሰፋ ሮይ አዘዘኝ። እጥፍ ክር፣ እጥፍ ድርብ አድርጌ ሰፋኋት። ጋሽ ሰይፉ አገላብጠው አዩዋት።

"ጎበዝ። በይ ተቀመጪባት።"

"እኔ?"

"የሰፋሽውን ወንበር ሌላ ሰው ይሞክርልሽ? ደግሞ ከመካከላችን አንቺ ነሽ ቀላሏ። ሄክተርን ብንሰቅለው ጀልባው ይገለበጣል።"

ተቀመጥኩ። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አነሱኝና አቆሙኝ። ከዚያ ገመዱን እንደያዙ ዐይን ዐይኔን እያዩ "ማን ነው የያዘሽ?" አሉኝ።

"ኧ… እግዚአብሔር።"

"እሱንስ እናውቃለን። ገመዱን ነው የምልሽ።"

"እርስዎ።"

"እርስዎ ማን ነው? ስም ጥሪ።"

"ጋሽ ሰይፉ ናቸው የያዙኝ።"

"ሁለተኛውን?"

"ሁለተኛውን ሄክተር ነው።"

"አሁን ውጪ" አሉና ወደ ላይ ላኩኝ።

ምክንያቱን በሌላ ቀን መኪና ውስጥ ነገሩኝ። ምጽዋ ሳሉ አንድ ጓደኛቸው ምሰሶ ላይ ወጥቶ ነበር። ከታች ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ሌላኛው ይዞታል ብሎ ሲጋራ ሊለኩስ ዞረ፤ ሌላኛውም እንዲሁ። ጓደኛቸው አልሞተም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አልሄደም። "ስም ካልተጠራ ሁለት ሰው ይዞታል ማለት ማንም አልያዘውም ማለት ነው" አሉኝ። ስለዚህ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ሮይም ቢሆን፣ የያዘውን ሰው ስም ጠርቶ ካልመለሰ አይወጣም። የማይመልስ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። እኔም በእነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ መለስኩ፤ እየቆየ ሲሄድ እንደ "ደህና አደሩ" ሳላስብ ነበር የምመልሰው።

በ2010 አካባቢ የጋሽ ሰይፉ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ያየሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከቤት በፔርሙዝ የማመጣውን ሻይ ስቀዳላቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሌላ ቀን ትንሽ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ እቀዳላቸው ጀመር። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሄክተር ትንንሾቹን የመቆለፊያ ሽቦዎች "እኔ ላድርገው፣ ሥራ አጥቻለሁ" እያለ ይቀበላቸዋል። ሮይ እጀታቸው ወፍራም የሆነ ካቻቢቴዎች ገዝቶ "በቅናሽ አግኝቻቸው ነው" ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተዋቸው። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም አላየንም። እኛ ሐበሾች የምናከብረው ሰው ሲደክም አለማየት ክብር መስጠት ይመስለናል። ሮይና ሄክተርም ይህን ከእኛ የተማሩ ይመስል ነበር።

ገመዱ ግን አሁንም በሳቸው እጅ ነበር። ገመዱን ውሰዱባቸው ማለት የሚችል ሰው አልነበረም።

በ2011 ሜይ አንድ ሰማያዊ ጀልባ ላይ ወጥቼ የአናቱን አምፖል ቀየርኩና "ልወርድ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሲወረድ ገመዱ ዊንች በሚባለው የብረት ከበሮ ላይ እንደተጠመጠመ ነው፤ አንድ እጅ ጥምጥሙን ይጫናል፣ ሌላው እጅ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ሁለቱ እጆች መስማማት አለባቸው። ትንሽ እንደወረድኩ ወንበሯ ከሥሬ ጠፋች።  ሰማዩ ወደ ላይ ሲሸሽ አየሁ። ከዚያ ሄክተር የያዘው ሁለተኛው ገመድ ግጥም አድርጎ ያዘኝና ከምሰሶው ጋር አላተመኝ።

ሄክተር ቀስ ብሎ አወረደኝ። ጉልበቴ ተልጦ፣ ዳሌዬ ጠቁሮ ነበር፤ ከዚያ የባሰ ነገር አልደረሰብኝም። ጋሽ ሰይፉ ዊንቹ አጠገብ ቆመው መዳፎቻቸውን ያያሉ። ገመዱ ሲያመልጣቸው የሚሮጠውን ገመድ በባዶ እጃቸው ጨብጠውት ኖሮ የሁለቱም መዳፍ ቆዳ ተገፏል።

ሮይ እየሮጠ መጣ። "ምን ሆነ?"

"እግሬ አዳለጠኝ" አልኩ ፈጥኜ። "ራሴ ነኝ የዘለልኩት።"

"ውሸቷን ነው" አሉ ጋሽ ሰይፉ። "እጄ ለቀቀ።"

ሮይ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ "ለማንም ይደርሳል፣ ሰይፉ። ሂድና እጅህን ታከም፤ እርሳው" አለ። እሱም ማየት አልፈለገም።

ያን ዕለት መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ድልድዩን ስንሻገር ጋሽ ሰይፉ በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው "ሁለተኛ በእኔ ስም እንዳትዋሺ" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። 

መዳፋቸው ሲድን ወደ ሥራ ተመለሱ። ለጥቂት ጊዜ ምሰሶ የሚያስወጣ ሥራ አልመጣም፤ እኔም እንዳይመጣ እጸልይ ነበር። በመጨረሻ መጣ። አንድ ቅዳሜ፣ መድረኩ በደንበኞች ተሞልቶ ሳለ፣ የአንድ ጀልባ መስቀያ ገመድ ከፑሊው ወጥቶ አናት ላይ ተቀረቀረ። ሮይ "ዘነበች፣ ውጪና አስተካክዪው" አለ። ወንበሬን አመጣሁ። ሄክተር ሁለተኛውን ገመድ ያዘ። ጋሽ ሰይፉ ወደ ዊንቹ ሄዱና ዋናውን ገመድ አነሱ።

አንድ ክንድ ያህል ከመሬት አነሱኝ፤ አቆሙኝ።

"ማን ነው የያዘሽ?"

አፌን ከፈትኩ። ስማቸው ምላሴ ላይ ነበር። ያን ያህል ዓመት ሳላስብ የጠራሁት ስም ነው። ብጠራው ነፍሴን ለሚንቀጠቀጥ እጅ ሰጥቼ መውጣቴ ነው። ባልጠራው የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በሰው ፊት ከእጃቸው መንጠቄ ነው፤ ያውም ከቤቴ ደጃፍ አንስተው የሚመልሱኝ፣ ይህን እንጀራ የሰጡኝ ሰው። የገመዱ ጫፍ በእጃቸው ውስጥ ሲርገበገብ አየሁት። አፌን ዘጋሁ።

"ዘነበች። ማን ነው የያዘሽ?"

ወደ ፑሊው አየሁ። ወደ ውሃው አየሁ። ሄክተር አማርኛ ባይችልም ይህቺን ጥያቄ ያውቃታልና አንገቱን ደፋ። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ካለፈ በኋላም አልመለስኩም።

ጋሽ ሰይፉ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ወንበሬን መልሰው እስከ መሬት አወረዱና ገመዱን ከዊንቹ ላይ ፈቱ። ሄክተርን ጠርተው ዋናውን ገመድ በእጁ አስያዙት። ሁለተኛውን ሮይ እንዲይዝ አደረጉ። ሄክተር አነሳኝ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፊቴ ቆሙ።

"ማን ነው የያዘሽ?"

"ሄክተር ነው የያዘኝ" አልኩ።  "ሁለተኛውን ሮይ ነው።"

"አሁን ውጪ።"

ስወርድ እዚያ አልነበሩም። መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወደ ስልቨር ስፕሪንግ ነዱ። ቤቴ ደጃፍ ሲያቆሙ ዕንባዬ መጣ።

"ጋሽ ሰይፉ፣ ይቅርታ ያድርጉ—"

"ለምኑ ነው ይቅርታው?" አሉ። መሪውን እንደያዙ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው መሪው ላይ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። "ሰው ሁሉ ጥያቄዬን እንደ ሰላምታ ነበር የሚመልሰው። ደህና ነህ ሲሉት ደህና እንደሚል። ዛሬ ገና የእውነት የመለሰልኝ ሰው አገኘሁ።" ሞተሩን አጠፉ። "ጥያቄው እኮ ለዚህ ቀን ነበር።"

በሩን ልከፍት ስል "ደግሞ" አሉኝ፣ "ከእንግዲህ ሻዩን ግማሽ እንዳትቀጂልኝ። ሙሉ ቅጂ። ቢፈስ ይፍሰስ።"

ሰኞ ዕለት ሙሉ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ፈሰሰ። "አሁን ገና ሻይ ጠጣሁ" አሉ።

በዚያው ሰሞን ሐኪም ቤት አፖይንትመንት አሲዘው ሄዱ፤ ፓርኪንሰን መሆኑ ታወቀ። ለሮይም ነገሩት። ሮይ ያሰናብታቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው "ገመድ አልይዝም፤ ማየትና መጠየቅ ግን እችላለሁ" አሉት። እንዲህም ሆነ። ገመድ የማሰሩ ሥራ ወደ እኔ ዞረ፤ ጋሽ ሰይፉ መድረኩ ላይ ቆመው ያያሉ፣ ሰው ሲወጣ ይጠይቃሉ። እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ የበለጠ የተማርኩት ያኔ ነው። እጃቸው ስለማይሠራልኝ ያወቁትን ሁሉ በቃል ማስረዳት ነበረባቸው።

አንድ ጊዜ አንድ ሐኪም ጀልባውን አመጣ። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ተጠግቶ ሲሄድ ጀልባው ወደ ቀኝ ደህና ይሄዳል፣ ወደ ግራ ግን ያነክሳል። ሐኪሙ ጎበዝ የሸራ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ሸራውን ቀይሯል፣ መሪውን ፈትሿል። እኔም መስቀያውንም ልጓሙንም አይቼ ምንም አጣሁ። ጋሽ ሰይፉ ጀልባው ላይ ወጡና ምሰሶው ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተኙ። ቀኝ እጃቸው ወለሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ አየና እየሮጠ መጥቶ የእጃቸውን የደም ሥር ያዘ።

"አልሞትኩም" አሉት። "የታመመው ምሰሶህ ነው። ና አጠገቤ ተኛ።"

ሐኪሙ እየሳቀ አጠገባቸው ተኛ፤ እኔም በሌላው ወገን ተኛሁ። ሦስታችንም አንድ ዐይናችንን ጨፍነን ሸራው የሚገባበትን የምሰሶውን ቦይ ከሥር እስከ አናት አየን። ከመሃል በላይ እንደ ማጭድ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ጎብጧል። ከታችኞቹ የብረት ገመዶች አንዱ ከውስጥ ክሮቹ ተበጥሰው ረዝሞ ኖሯል፤ ከውጭ አይታይም። ቀየርነው። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወንዙ መሃል ኮል አደረገና "ለሐኪሙ ንገሩት፣ ታካሚው ድኗል" አለኝ።

በሸራው ሁለት ገጽ ላይ ትንንሽ የሱፍ ክሮች እንለጥፋለን። ሸራው ልክ ሲወጠር ሁለቱም ክሮች አብረው ወደ ኋላ ይፈሳሉ፤ ልክ ካልሆነ አንደኛው ይንፈራገጣል። ጋሽ ሰይፉ በመድረኩ ላይ ሆነው ከሩቅ እያዩ "ልጓም ትንሽ ልቀቂ… ተይ፣ በዛ… አዎ፣ እዚያ ላይ" ይሉኝ ነበር። ክሮቹ ሲስማሙ ፊታቸው ይበራ ነበር። ብዙ አለቆች አይቻለሁ፤ ሌላ ሰው የሠራው ሥራ ሲሳካ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ግን አላየሁም።

በሽታው አላቆመም። መጀመሪያ እግራቸው ከበደ፣ ቀጥሎ ድምፃቸው ቀጠነ። በ2016 መምጣት አቆሙ። እኔም በሚቀጥለው ዓመት ትከሻዬን ታምሜ ሐኪም ከኦክቶበር በኋላ ገመድ እንዳልጎትት ነገረኝ። አስፐን ሂል ልጠይቃቸው ስሄድ ይህንኑ ነገርኳቸው።

"እንግዲያስ አብረን እንጨርስ" አሉ፣ ለመስማት ወደ አፋቸው ጠጋ ማለት ነበረብኝ። "አንድ ጊዜ ልጓም መያዝ እፈልጋለሁ።"

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ከጓዳ ብቅ አሉ። "መራመድ አቅቶት መቅዘፍ ያምረዋል! ውሃ ውስጥ የጣላችሁት እንደሆነ ሁለታችሁንም አላናግራችሁም።" ሲወጡ ግን ወፍራም ሹራብ እየፈለጉ ነበር።

ለብርዱ ወራት ምሰሶዎቹ ከመውረዳቸው በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ወሰድናቸው። ከመድረኩ ወደ ጀልባው መሻገር አይችሉም። ስለዚህ የሰፋኋትን ወንበር አመጣሁ። ስፌቷን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። ሄክተርና ሮይ አቅፈው አስቀመጧቸው። ሄክተር ሁለተኛውን ገመድ ያዘ፤ ሮይ እንዳይወዛወዙ ከጎን ቆመ። ዋናውን ገመድ እኔ ዊንቹ ላይ ጠመጠምኩት። ትከሻዬ ያመኝ ነበር፤ ግን በደንብ ይዣለሁ። ጥቂት ከፍ አደረግኳቸውና አቆምኩ። እትዬ ሙሉ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

"ጋሽ ሰይፉ" አልኩ። "ማን ነው የያዘዎት?"

ወደ ፑሊው አዩ። ወደ ውሃው አዩ። 

"ጋሽ ሰይፉ?"

"እያሰብኩ ነው" አሉ። "ቸኩለሻል እንዴ?" ዐይናቸው ሲስቅ አየሁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ያቺን የቀጠነች ድምፃቸውን ካላት ሁሉ ሰብስበው፣ መድረኩ ላይ የቆመ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው መለሱ።

"ዘነበች ናት የያዘችኝ።"

አነሳኋቸው። በጠርዙ ላይ አሳለፍኳቸውና እንደ ዕንቁላል ቀስ ብዬ መቀመጫው ላይ አኖርኳቸው። ወንዙ ላይ ወጣን። ነፋሱ ለስላሳ ነበር። መዘርጊያውን ላላ አደረግኩና ልጓሙን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ገመዱ በነፋስ ሲወጠር እጃቸው ትንሽ ረጋ። በጥቂቱ ለቀቁት፣ መልሰው ሳቡት፣ እንደገና በጣም በጥቂቱ ለቀቁት። ሁለቱ የሱፍ ክሮች ተስማምተው ወደ ኋላ ፈሰሱ።

"እዚያ ላይ" አልኩ።

"አየሁት" አሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስን። ሸራውን አወረድን፣ ገመዶቹን ጠቅልለን መስቀያውንም መዘርጊያውንም ተጫኙንም ልጓሙንም በየቦታቸው ሰቀልን። ከዚያ በኋላ እሳቸውም እኔም ጀልባ ላይ አልወጣንም። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2017 ነበር።